ታጁራ ወርዶ ዓሣ መብላት፦ ከድሬዳዋ ለሚነሣ ሰው

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ባሕር ብዙ ያወራል እንጂ ዓሣ መብላት አያውቅም። ራሴን ጨምሬ ነው የምለው። አክስቴ በአሮጌው ባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ታመጣልን የነበረው ቴምር፣ ፓስታና ሽቶ ነው፤ ዓሣማ በዚያ ሙቀት ማን ይዞ ይመጣል? ስለዚህ ታጁራን መጀመሪያ የረገጥሁ ቀን፣ ከባሕሩ ሃምሳ እርምጃ በማይርቅ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስፓጌቲ አዘዝሁ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ታጁራ ጅቡቲ ውስጥ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎዳ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ትንሽ የአፋር ከተማ ናት። ቤቶቿ ነጫጭ ናቸው፤ የሰባት መስጊዶች ከተማ ይሏታል። ሐረር ጀጎል ውስጥ «ራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘውን ቤት ካያችሁ፣ ባለ ስሙ ፈረንሳዊ ገጣሚ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያደርስ ሲነሣ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተጉላልቶ የከረመው እዚህ ነው፤ ቅፍለቱ የተንቀሳቀሰው በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር። በኋላ ፈረንሳዮቹ ወደባቸውን ጅቡቲ ላይ ሠሩ፤ ሐዲዱም ከዚያው ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እኛ ጋ ደረሰ። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት ባቡር የታጁራን የግመል ንግድ ወሰደባት ማለት ነው። እኛ ከተማ ሆነን እሷ ከነጀልባዋ ትንሽ ሆና ቀረች። ዓሣዋን ስንበላ ትንሽ ዕዳ ያለብን ይመስለኛል።

የምግብ ቤት ስም አልዘረዝርም። እንዲህ ባለ ከተማ ዛሬ ያመሰገንሁት ቤት ነገ ምድጃው ቀዝቅዞ ይገኛል፤ ትናንት የተዘጋውም በሌላ ሰው እጅ ተከፍቶ ይቆያል። የማስተምራችሁ አመራረጡን ነው፤ የሚመረጠውም ዓሣው ነው። ዓሣው ጥሩ ከሆነ ወንበሩ ቢነቃነቅም ምሳው ጥሩ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት

ጊዜውን ምረጡ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አትሂዱ። የድሬን ሙቀት የቻለ ሰው የትም ይችላል የሚል ጉራ አለን። የእኛ ከተማ ግን ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ማታ ማታ ትንሽ ነፋስ አናጣም። እዚያ በክረምት ወራት ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ትኩስ ነፋስ አሸዋ እያነሣ ይነፍሳል። ባሕሩ ሲናወጥ ትናንሽ ጀልባዎች አይወጡም፤ ጀልባ ካልወጣ ደግሞ የምትበሉት በረዶ ውስጥ የከረመ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለአየሩም ለሆድም ይስማማል።

በረመዳን ከሄዳችሁ ቀን ቀን የሚበላ አትፈልጉ። ከተማዋ የሙስሊም ከተማ ናት፤ ማታ ከአፍጥር በኋላ ግን ትነቃለች። ዓርብ ቀትር ላይም ሁሉም ወደ ጁምዓ ይሄዳል፤ ምሳችሁን ወይ ቀደም ወይ ዘግየት አድርጉ።

ገንዘብ፦ ብር ይዛችሁ ምግብ ቤት አትግቡ፤ የጅቡቲ ፍራንክ መንዝሩ። ፍራንኩ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ ሒሳቡ አያስቸግርም፤ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ ንቅንቅ አላለም። 1,000 ፍራንክ ማለት 5 ዶላር ተኩል ከምናምን መሆኑን በቃላችሁ ያዙ። ዝርዝር ያዙ፤ ለዓሣ አጥማጅ 10,000 ፍራንክ ማሳየት ዋጋውን ራሳችሁ ከፍ ማድረግ ነው።

ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃዱን ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ በዚህ ላይ ምክር አያስፈልጋችሁም።

ሰዓት ግን ያስፈልጋችኋል። ሰዓታችን ከጅቡቲ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያያል፤ ትኬትና ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የፈረንጁ ነው። እኔ «ጀልባው 8 ሰዓት ላይ ነው» ሲሉኝ ጠዋቱን ከተማ ስዞር አርፍጄ፣ ጥላ ይዤ፣ ተዝናንቼ፣ በእኛ 8 ሰዓት ወደቡ ላይ ተገኘሁ። ጀልባው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። የእነሱ 8 የእኛ ጠዋት ሁለት ነው፤ ስድስት ቀንሱ።

መንገዱ

ከድሬዳዋ በ2010 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው አዲሱ ባቡር በደወሌ በኩል ጅቡቲ ከተማ ዳር ያለው ናጋድ ጣቢያ ትወርዳላችሁ። መነሻ ቀኑን ጣቢያው ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ጣቢያው እንደ ድሮው ለገሀር ከተማው መሀል አይደለም፤ ለታክሲ ጊዜ ተዉ። ከጅቡቲ ከተማ ወደ ታጁራ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መኪና ነው፤ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ በአሳል ሐይቅ አቅጣጫ ያልፋል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከእሱ ዝቅ ያለ ቦታ የለም፤ ማየቱ አይከፋም። ሁለተኛው ጀልባ ነው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ከቻላችሁ በጀልባው ሂዱ፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ግን ሆዳችሁን አትሙሉ። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

በመጀመሪያው ጠዋት፦ ምግብ ቤት ሳይሆን ጀልባ ፈልጉ

ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። በእኛ አቆጣጠር ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ዳርቻውን ተከትላችሁ ብትሄዱ ጀልባ ሲገባ ታያላችሁ። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ቁሙ። ለመግዛት አይደለም፤ ለማየት ነው። ዛሬ ምን ተያዘ? ትልልቅ ነው ወይስ ትንንሽ? ማን ገዛው? የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። ዓሣውን በጋሪ ወይም በትከሻ አስይዞ የሚሄደውን ሰው በዓይናችሁ ተከተሉት፤ የገባበትን ቤት ልብ በሉ። ምሳችሁ እዚያ ነው። በዚህ ዘዴ ያገኘኋቸው ቤቶች ሁሉ ከውጭ ሲታዩ ጋራዥ ይመስሉ ነበር።

የሚያስፈልጋችሁ ቃል ጥቂት ነው። ዓሣ በአፋርኛ ኩሉም፣ በሶማልኛ ካሉን፣ በዐረብኛ ሰመክ ነው። ድሬ ያደገ ሰው ከሦስቱ አንዱን ይሞክራል፤ ሶማልኛ ለምትሞክሩ ‹ዋ ኢምሳ?› ብላችሁ ዋጋ መጠየቅ ትችላላችሁ። አማርኛም አይጠፋም፤ አስተናጋጁ ወይም ወጥ ቤቷ የእኛ አገር ሰው ሆና ብዙ ጊዜ አጋጥማኛለች።

የዓሣ ስም ላይ አትጨነቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበላ ሰው የምመክረው ሻጮቹ በፈረንሳይኛ ሜሩ የሚሉትን አፈ ሰፊ፣ ወፍራም ዓሣ ነው፤ ሥጋው ነጭ፣ አጥንቱ ትልልቅና ለመልቀም የሚመች ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከዚህ ሌላ አትዘዙ። ቀጠን ብሎ ረጅም፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ጎኑ የብር መልክ ያለውን ታዛር ይሉታል፤ ሥጋው ጠንከር ይላል፤ ብዙ ሳይቆይ መጠበስ አለበት። ቱና ትልቅ ስለሆነ በቁራጭ ይሸጣል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ዓሣውን መመርመር

ይህን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ። ጥሩ ቤት ጥሬውን ዓሣ ያሳያችኋል፤ ማቀዝቀዣውን ወይም የበረዶ ሣጥኑን ከፍቶ «የቱን?» ይላችኋል። የማያሳያችሁ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ማሳየት ነውር አይደለም፤ መጠየቅም ነውር አይደለም። እኛ በግ ስንገዛ ላቱንና ጥርሱን እናይ የለ?

መጀመሪያ ዓይኑን እዩ። ያበጠና የጠራ መሆን አለበት፤ ጭጋግ የለበሰና ወደ ውስጥ የሰረጎደ ከሆነ የሰነበተ ነው። ሁለተኛ፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን በአውራ ጣት ገልጣችሁ ስንጥቡን ተመልከቱ፤ እንደ ታረደ በግ ደም ቀይ ይሁን፤ ቡናማ ወይም ዐመድማ ከሆነ ተዉት። ሦስተኛ፣ ጀርባውን በጣት ጫን አድርጉት፤ ጣታችሁ ሲነሣ ሥጋው ተመልሶ መሙላት አለበት፤ ጎድጉዶ ከቀረ ሽማግሌ ነው። አራተኛ አሽትቱ። ትኩስ ዓሣ የባሕር ውኃ ይሸታል እንጂ ‹ዓሣ ዓሣ› አይልም። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ፤ ዓሣ የሚሸተው ሲሰነብት መሆኑን የማናውቀው ትኩስ ስለማይደርሰን ነው።

አንድ ጠዋት ጀልባ ዳር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ስጎረጉር አይቶኝ፣ ዓሣውን ከእጄ ወሰደና በጭንቅላቱ በኩል ይዞ አግድም ዘረጋው። ጅራቱ ቀጥ ብሎ ቀረ። ቀጥሎ ሌላ አነሣ፤ ጅራቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ምንም አልተናገረም። የመጀመሪያውን ለእኔ፣ ሁለተኛውን ለድመቶቹ አደረገ። ከአራቱ ምርመራ ይልቅ ይህን አንድ ሙከራ የምጠቀመው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ለትልቅ ዓሣ ግን አይሠራም፤ ክብደቱ ያታልላል።

አሁን ቱናው። አንድ ከሰዓት በኋላ ስሙን የማልጠራው ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ተቆራርጦ የቆየ ቱና አስጠበስሁ። ጣዕሙ ጥሩ ነበር፤ ምላሴን ግን ሚጥሚጣ እንደ ነካው ቆጠቆጠኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴና አንገቴ ቀላ፣ ራሴን አመመኝ፣ ልቤ ደለቀች። ለባሕር ዓሣ አለርጂ ያለብኝ መስሎኝ ለቤተሰብ ሁሉ አወጅሁ። ነገሩ ሌላ ነው። ቱና፣ ታዛርና ዘመዶቻቸው ያለ በረዶ ሙቀት ላይ ሲቆዩ ባክቴሪያ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ነገር ያበዛል፤ ያ ከተፈጠረ በኋላ ብትጠብሱትም ብትቀቅሉትም አይጠፋም። ሽታውም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ዓሦች በረዶ ላይ ካላያችኋቸው አትብሉ፤ አፋችሁን ሲቆጠቁጣችሁ ደግሞ በርበሬው ነው ብላችሁ አትቀጥሉ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ከበረታባችሁ ሐኪም ቤት ነው።

ማዘዝና ማስጠበስ

ልትበሉ የሚገባው የየመን ዓሣ የሚሉትን ነው፤ በመላው ጅቡቲ የታወቀ ነው፤ ሙያውን ከባሕሩ ማዶ ያመጡት የመኖች ናቸው። አሠራሩን ቆማችሁ እዩ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ዓሣውን በሆዱ ሳይሆን በጀርባው በኩል ከራሱ እስከ ጅራቱ ይሰነጥቁትና እንደ መጽሐፍ ይገልጡታል። ጨውና ቀይ የበርበሬ ድልህ ይቀባል። ምድጃው ተኑር ይባላል፤ መሬት ላይ የተተከለ የሸክላ ጋን የሚመስል፣ በሥሩ እሳት ያለበት ነው። የተገለጠውን ዓሣ ወደ ጋኑ ውስጥ አቁመው ያወርዱታል፤ እሳቱ ከሥርም ከጎንም ይመታዋል። ጫፉ ይጠቁራል። አትደንግጡ፤ ጥቁሩ ተፍቆ የሚቀር ነው፤ ውስጡ ግን ውኃውን እንደያዘ ነው።

በዚያው ምድጃ ቂጣው ይጋገራል። ጋጋሪው ሊጡን በእጁ እያዞረ ያሰፋውና በጨርቅ ትራስ ላይ ዘርግቶ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ እሳት ውስጥ ከትቶ፣ የምድጃው ግድግዳ ላይ ጧ አድርጎ ይለጥፈዋል። የክንዱ ፀጉር ተቃጥሎ አልቋል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቂጣው አብጦ፣ ቦታ ቦታውን ጠቁሮ፣ ትሪ አክሎ ይወጣል። ቡና ሲቆላ ከማየት ቀጥሎ ደስ ከሚሉኝ የወጥ ቤት ሥራዎች አንዱ ነው።

ዋጋ ከመጠበሱ በፊት ተነጋገሩ። ዓሣው በሙሉ ወይም በግማሽ ይሸጣል፤ ለሁለት ሰው መካከለኛ ዓሣ ግማሹ ይበቃል፤ ከነፉከራችሁ ሙሉ ካዘዛችሁ የምታስረክቡት ለድመቶቹ ነው። ቂጣውና ማባያው ከዋጋው ውስጥ መሆኑን ጠይቁ። ጀልባ ዳር የገዛችሁትን የሚጠብስላችሁ ቤትም ይገኛል፤ እዚያ የምትከፍሉት ለእሳቱና ለቂጣው ነው።

የጾም ነገር፦ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣም፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ይበላል ለምትሉት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከዓሣው ጋር የሚቀርብ ፈታ የሚሉት ጣፋጭ አለ፤ ትኩስ ቂጣ ከበሰለ ሙዝ ወይም ቴምር ጋር ተፈትፍቶ ማር የሚፈስበት ነው። ብዙ ጊዜ ቅቤ ይገባበታል። ቅቤው ሰምን ይባላል፤ «ያለ ሰምን» በሉ። የፍስክ ሰው ከሆናችሁ ግን ዝም ብላችሁ ብሉ፤ መጀመሪያ ከዓሣ ጋር ጣፋጭ ምን ያደርጋል ብዬ ገፍቼው ነበር፤ አሁን ዓሣው ሳይመጣ የምጠይቀው እሱን ነው። የሚያቃጥለውን ጉሮሮ ያበርዳል።

አበላሉ

እጃችሁን ታጠቡ፤ ሹካ አትጠይቁ። ዓሣው በትሪ ወይም በወረቀት ላይ ይመጣል፤ አጠገቡ ቲማቲምና ቃሪያ አንድ ላይ የተፈጨበት ሰሀዊቅ አለ፤ ሶማሌዎቹ ባስባስ ለሚሉት ቅርብ ነው። በቀኝ እጅ ቂጣ ቁረሱ፣ በቂጣው ዓሣውን ቆንጥጣችሁ አንሡ፣ ሰሀዊቁ ላይ ነካ አድርጉ። ከጀርባው ወፍራም ክፍል ጀምሩ፤ ሥጋው በግንጣይ በግንጣይ ይለቃል። ከዚያ ወደ ሆዱ ውረዱ፤ እሱ ቅባት ያለበትና ጣፋጩ ነው፤ ቀጫጭን አጥንት ግን ይበዛዋል። በጣታችሁ ዳሱት፤ አጥንት የሚያገኘው ጣት ነው እንጂ ጥርስ አይደለም። እንደ ጥሬ ሥጋ አትቸኩሉ። ጉንጩን አትተዉ፤ ከዓይኑ ሥር በአውራ ጣት ስትፈለቅቁት የምታገኟት ክብ ሥጋ ለታላቅ የምትሰጥ ናት፤ አብሯችሁ ትልቅ ሰው ካለ አጉርሱት።

ሎሚ ጨምቁበት። ጅቡቲ ገበያ ላይ ያለው አትክልትና ፍራፍሬ አብዛኛው ከእኛ አገር የሄደ ነው፤ ምናልባት ሎሚው በእናንተው መንገድ መጥቶ ይሆናል።

ዓሣ የማይበላበት ሰዓት

ቀትር ካለፈ በኋላ ከተማዋ ትዘጋለች። የአወዳይ ጫት ከእናንተ ቀድሞ ደርሶ ወንዱ ሁሉ ጥላ ይዟል፤ ይህን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከምሳ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የሚበላ ብትፈልጉ የምታገኙት የጠዋት ትርፍ ነው፤ ከላይ የነገርኋችሁ ቱናም የዚያ ሰዓት ቱና ነበር። ምሳችሁን ከሰባት ሰዓት በፊት ብሉና እናንተም ተኙ።

ለቁርስ ፉል አለ፤ ላሆህም በሻይ ይቀርባል፤ ዓይን ያለው ስስ እንጀራ በሉት። ማታ የፍየል ሥጋ ይሻላል። አፋር አርብቶ አደር ነው፤ ስለ ፍየል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፋህፋህ የሚሉት የፍየል መረቅ በጀልባ ለተናወጠ ሆድ መድኃኒት ነው። መጠጥ ፍለጋ አትዙሩ፤ የታሸገ ውኃና ሻይ ይበቃችኋል።

እንጀራ ካማራችሁ በአማርኛ ጠይቁ፤ የት እንዳለ የሚያሳያችሁ አይጠፋም። አንዲት እንጀራ ቤት ያላት ሴት «ከየት ነሽ?» አለችኝ። «ከድሬ» ስላት፣ «ታዲያ እንጀራ ልትበዪ ነው እንዴ ባሕር ተሻግረሽ የመጣሽው፣ እኅቴ?» ብላ ሽሮውን ሳታቀርብልኝ ወደ ዓሣ ቤት መራችኝ። ገበያዋን አሳልፋ ሰጠች። ቡናዋን ግን ከምሳ በኋላ ተመልሼ ጠጣሁ፤ ከሐረር የመጣ ነበር።

መመለሻ

ዓሣ ጭናችሁ ለመመለስ አትሞክሩ። በረዶው ከደወሌ አያልፍም። አክስቴ እስከ ዛሬ «ዓሣው የታለ?» ትለኛለች፤ ቴምር ነው የምሰጣት።

ከመነሣታችሁ በፊት በልታችሁ ከሆነ፣ የተጨመቀውን የሎሚ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትነሡ። መጀመሪያ ጣታችሁንና የጥፍራችሁን ሥር በእሱ እሹ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ብቻውን ሽታውን አያነሣውም። ከናጋድ እስከ ድሬ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ስለ ትኩስ ዓሣና ስለ ሰነበተ ዓሣ ልዩነት የምታስረዱትን አይሰማችሁም።